ስም ያለ መዝገብ ድንበር አይሻገርም

ደንበኞቼ ሌብል ሊያሳትሙ ሲመጡ አዘውትረው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፤ በክብ ውስጥ ያለችውን ትንሿን አር። «ከስሙ ጎን ጣል አድርግልን፣ ዕቃው ከበድ ይላል» ይሉኛል። ደሴ ላይ የበርበሬ፣ የሽሮ፣ የማር፣ የሳሙናና የዘይት ማሸጊያ እየነደፍኩና እያተምኩ የምኖር ሰው ነኝ፤ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሳላይ ያቺን ምልክት አላስገባም። ምልክቷ ማሳመሪያ አይደለችም። ይህ ስም በመንግሥት መዝገብ ላይ ሰፍሯል፣ ባለቤትም አለው የምትል ቃል ናት። ባልተመዘገበ ስም ላይ ማተሟ እንግሊዝ አገር በወንጀል ያስጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ገዥን ለማሳሳት ታስቦ ከሆነ ኋላ የሚቀርበውን የምዝገባ ማመልከቻ ሊያስጥል ይችላል። ይህን ስነግራቸው «እኛ የምንሸጠው እዚሁ ነው» ይላሉ። አንድ ሰሞን እውነት ነው። ከዚያ ግን ዕቃው ይሄዳል።

ከደቡብ ወሎ ዕቃ እንዴት እንደሚወጣ የማያውቅ የለም። ወደ ሪያድ፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ቤይሩት ሰው ያልላከ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሰው ከሄደ ሽሮና በርበሬ ይከተለዋል። መጀመሪያ በዘመድ ሻንጣ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ሻንጣው ሦስት አራት ይሆናል፤ ቀጥሎ አንድ ባለ ሱቅ «በካርቶን ላኩልኝ» ይላል። እናት ቀንጥሳ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ደልዛ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ ያዘጋጀችው በርበሬ በዚያች ቀን የውጭ ንግድ ሆነ። ብዙዎቻችን ያቺን ቀን አናስተውላትም። ፈቃድ እናወጣለን፣ ሚዛን እንገዛለን፣ ማሸጊያ እናሳትማለን፤ ስሙ ግን ዕቃውን ተከትሎ በራሱ የሚሄድ ይመስለናል።

አንድ የኮምቦልቻ ሀጂ አሉ፤ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ናቸው። በርበሬና ሽሮ ይልካሉ። ከባሕረ ሰላጤው ከተሞች በአንዱ አከፋፋይ ነበራቸው፤ ሂሳብ ላይ ሳይስማሙ ቀሩና ሌላ ሰው ያዙ። አዲሱ አከፋፋይ ዕቃውን ሊያነሳ ሲሄድ ጉምሩክ ያዘበት። ለካ የፊተኛው ሰውዬ የሀጂን ስም በዓረብኛ ፊደል፣ እኔ ለሌብላቸው ከሣልኩት የሙዳይ ሥዕል ጋር፣ በራሱ ስም አስመዝግቦት ኖሯል። በዚያ አገር መዝገብ ሲታይ የሰው ምልክት ያለ ፈቃድ የለጠፉት ሀጂ ሆኑ።

ሀጂ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ሱቄ ሲደርሱ የያዙትን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ልጄ፣ ይኸው ንግድ ፈቃዴ። ስሙም በንግድ ቢሮ ተመዝግቧል። ግብሩንም ከፍያለሁ። ምን ጎደለኝ?»

«አብሽሩ ሀጂ» አልኳቸው፤ «ይሄ የንግድ ስምዎ ነው። የንግድ ምልክት ግን ሌላ ነው።»

ልዩነቱን ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ፤ አሁንም ላስረዳ። የንግድ ስም ነጋዴው ራሱ የሚጠራበት ነው፤ ከፈቃዱ ጋር በንግድ መዝገብ ይገባል። የንግድ ምልክት ዕቃው ላይ የሚለጠፈው፣ ገዥ የእገሌን ሽሮ ከእገሊት ሽሮ የሚለይበት ስም ወይም ሥዕል ወይም የሁለቱ ቅንጅት ነው። ይህኛው የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሕጉ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ይባላል። ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ መሆኑን ይደነግጋል፤ ምዝገባው 7 ዓመት ያገለግላል፣ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ከአዋጁ በፊት ይህን ያህል የተሟላ ሕግ ስላልነበረን ትልልቅ የውጭ ኩባንያዎች ሳይቀሩ «ይህ ምልክት የእኛ ነው፣ እንዳትነኩት» የሚል ማስጠንቀቂያ በጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። ያ ዘመን ቢያልፍም የብዙ ነጋዴ ልማድ ገና እዚያው ነው። ስሜን ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብሎ ይተኛል።

ሀጂ ቀጠሉ። «እሺ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ባስመዘግበው የዚያን ሰውዬ ያስጥልልኛል?»

አያስጥልም። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይሄ ነው። አንድ አገር የሚሰጠው የንግድ ምልክት መብት የሚሠራው በዚያው አገር ወሰን ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ምስክር ወረቀት ኢትዮጵያ ውስጥ ይከላከልልዎታል፤ ሪያድ ላይ ሪያድ የተመዘገበ፣ ቶኪዮ ላይ ቶኪዮ የተመዘገበ ያስፈልጋል። አብዛኛው አገር ደግሞ ስሙን ማን ቀድሞ ተጠቀመበት ብሎ ሳይሆን ማን ቀድሞ አመለከተ ብሎ ይጠይቃል። አሜሪካ ቀድሞ ለተጠቀመው ታደላለች፤ እሷም ብትሆን የአሜሪካ ገበያ ውስጥ የተደረገ አጠቃቀምን ነው የምትቆጥረው። በመጥፎ ልቡና የተመዘገበ ምልክትን ለማሰረዝ በብዙ አገር መንገድ አለ፤ ነገር ግን ያገሬውን ጠበቃ፣ የተረጋገጠ ውክልና፣ የቆየ ማስረጃና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ሀጂ ሞከሩት። ከእኔ የተቀበሏቸውን የሕትመት ደረሰኞች ሳይቀር አስተርጉመው አቀረቡ። ክርክሩ ረዝሞ ወጪው ከካርቶኖቹ ዋጋ ሲበልጥባቸው ለዚያ ገበያ አዲስ ስም አወጡ።

የሀጂን ጭንቀት አገር ራሷም አይታዋለች። ታሪኩ የቡናችን ታሪክ ነው፤ ለወሎ ነጋዴ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅለትም።

በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) የዚያን ጊዜው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሦስት ስሞችን ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አቀረበ፤ ይርጋጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን። ጽሕፈት ቤቱን ይመሩ የነበሩት አቶ ጌታቸው መንግስቴ ነበሩ። በእነዚህ ስሞች የሚጠራ ቡና በዓለም ገበያ በውድ ይሸጣል፤ ገበሬው እጅ የሚገባው ግን የተራ ቡና ዋጋ ነው። ስሙ በኢትዮጵያ እጅ ከሆነ ስሙን ለመጠቀም የሚፈልግ ሁሉ መጥቶ ይነጋገራል፤ ከንግግሩም ገበሬው የሚጠቀምበት ነገር ይገኛል። አሳቡ ይህ ነበር።

ይርጋጨፌ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመዘገበ። ሲዳሞ ግን እንቅፋት ገጠመው። ስታርባክስ የተባለው የአሜሪካ ቡና ሻጭ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 «ሽርክና ሳን ድራይድ ሲዳሞ» የተባለ ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። ይህ ቡና አንዱ ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላው፣ እስከ 26 ዶላር ይሸጥ ነበር። የኩባንያው ማመልከቻ ስለቀደመ ቡናው ከሚበቅልበት አገር የመጣው ማመልከቻ ከኋላው ተሰልፎ መጠበቅ ነበረበት። ስታርባክስ ማመልከቻውን የሳበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ወረፋ የሚያዘው በቀን ነው፤ የስሙ ባለአገር ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ይህን ለደንበኞቼ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የማየው ቁጣ ትክክለኛ ቁጣ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበርም በሐረርና በሲዳሞ ላይ ተቃውሞ አቀረበ። እነዚህ የቦታ ስሞች ናቸው፣ ገዥው የቡናውን ዓይነት የሚያውቅባቸው የወል መጠሪያ ሆነዋል፣ ስለዚህ ማንም ለብቻው ሊይዛቸው አይገባም የሚል ነበር። ቢሮውም ሁለቱን ማመልከቻዎች መጀመሪያ ላይ ውድቅ አደረጋቸው። ስታርባክስ በበኩሉ ኢትዮጵያ የንግድ ምልክቱን ትታ የምንጭ ማረጋገጫ ምልክት እንድታወጣ ሐሳብ አቀረበ።

የአቶ ጌታቸው ጽሕፈት ቤት እምቢ ያለበት ምክንያት የአገሩን አኗኗር ከሚያውቅ ሰው የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። ማረጋገጫ ምልክት እያንዳንዱ ጆንያ ከየት እንደመጣ መንግሥት እንዲከታተልና እንዲመሰክር ያስገድዳል። የኢትዮጵያ ቡና የሚበቅለው ደግሞ 4 ሚሊዮን ገደማ በሚሆኑ ቁርጥራጭ ማሳዎች ላይ ነው፤ ከማሳ እስከ ገበያም በሰው ትከሻና በአህያ የሚጓዝ አለ። የዚያ ሁሉ ቁጥጥር ወጪ ዞሮ ዞሮ ገበሬው ላይ ይወድቃል። የንግድ ምልክት ግን የሚፈልገው ባለቤትና ውል ነው። እኔ የሰነድ ሰው አይደለሁም፤ ቢሆንም ይህን ክርክር ባነበብኩ ቁጥር ሕግን በራስ ጓሮ ልክ መቁረጥ ማለት ይህ ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 ኦክስፋም የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት ጉዳዩን ለዓለም ሕዝብ አወጣው። ኢትዮጵያ በስሞቹ ላይ መብት ብታገኝ በዓመት እስከ 88 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ገቢ ልታገኝ ትችላለች ብሎ ገመተ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ለስታርባክስ ጻፉ፣ ደወሉ፣ ፋክስ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ሁለቱ ወገኖች ስምምነት ፈረሙ። ኩባንያው የኢትዮጵያን ባለቤትነት ተቀበለ፤ ኢትዮጵያም ስሞቹን ያለ ክፍያ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደችለት፤ በምትኩ ስሞቹን ለገዥ እንዲያስተዋውቅ ተስማሙ። ገንዘብ ሳትጠይቅ መፍቀዷ ብዙ ሰው አይገባውም። ለእኔ ግን የበሳል ነጋዴ ሥራ ነው፤ ስሙ በሰው ሁሉ አፍ ሲገባ፣ ባለቤቱ ደግሞ በመዝገብ ሲታወቅ፣ የዋጋው ንግግር ኋላ ይመጣል። ሲዳሞና ሐረርም እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ላይ ተመዘገቡ፤ የሐረር ስም በላቲን ፊደል በአንድ አርም በሁለት አርም ስለሚጻፍ ሁለቱም አጻጻፍ ነው የተያዘው።

አሜሪካ ላይ ያሸነፈ ጃፓን ላይ አላሸነፈም። በጃፓን ምልክቶቹ ተመዝግበው ሳለ የአገሪቱ ቡና ማኅበር ይሰረዙ ብሎ አመለከተ፤ የጃፓን ፓተንት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ተስማማለት፤ ኢትዮጵያ ለአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ብላ እ.ኤ.አ. በ2010 በከፊል አስመለሰች። በካናዳና በአውሮፓ ኅብረትም እንዲሁ ለየብቻ ተመዝግበዋል። ስሙ አንድ ነው፣ ቡናው አንድ ነው፣ ባለቤቱ አንድ ነው፤ ፋይሉ ግን በየአገሩ ነው፣ ዕጣውም በየአገሩ ይለያያል።

የጤፍ ነገርም ይኸው ነው፤ ያ የፓተንት እንጂ የንግድ ምልክት ጉዳይ ባይሆንም። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት አገኘ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 የሔግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ አዲስ የፈጠራ ሥራ የለበትም ብሎ ጣለው። እኛም እዚህ ደስ አለን፤ ደስታው ተገቢ ነበር። ውሳኔው ግን የሚሠራው ኔዘርላንድ ውስጥ ብቻ ነበር። ድንበር የሚሉት ነገር ለጥቃትም ለድልም እኩል ነው።

ታዲያ ከኮምቦልቻ ሁለት መቶ ካርቶን ሽሮ የሚልክ ሰው በየአገሩ ሊሮጥ ነው? ሁልጊዜ አይደለም። መንገዶች አሉ።

መጀመሪያ ምድብ ይመረጣል። የኒስ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ዝርዝር ዕቃና አገልግሎትን ሁሉ በ45 ምድብ ከፍሎታል፤ 34ቱ የዕቃ፣ 11ዱ የአገልግሎት ናቸው። ቡና፣ ማር፣ ቅመምና ዱቄት 30ኛው ላይ ናቸው። የምግብ ዘይት 29ኛው፣ ሳሙና 3ኛው፣ ልብስ 25ኛው ነው። ክፍያው በየምድቡ ስለሚቆጠር አንድ ሰው በርበሬ እየሸጠ «ምናልባት ወደፊት ሳሙና» ብሎ ሁሉንም ቢሞላ ገንዘቡን ያባክናል፤ ያልተጠቀመበት ምድብ ከዓመታት በኋላ ሊሰረዝበትም ይችላል።

አውሮፓ ቀላሉ ነው። ስፔን አሊካንቴ ከተማ ያለው የአውሮፓ ኅብረት አእምሯዊ ንብረት ቢሮ በአንድ ማመልከቻ 27ቱንም አባል አገሮች ይሸፍናል፤ ለአንድ ምድብ 850 ዩሮ ያስከፍላል። ፍራንክፈርትና ሮም ላይ ለሚሸጥ ሰው አንዱ ፋይል ይበቃዋል። አደጋው ደግሞ ከአንዱ አገር የሚነሳ የቆየ ምልክት ያለው ተቃዋሚ ሙሉውን ማመልከቻ ሊጥልበት መቻሉ ነው። አሜሪካ በምድብ 350 ዶላር ታስከፍላለች፤ ከአገሯ ውጭ የሚኖር አመልካች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2019 ወዲህ የአሜሪካ ፈቃድ ባለው ጠበቃ ካልሆነ ማመልከት አይችልም። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለች የእኅት ልጅ ቅጹን ልትሞላልኝ ትችላለች የሚባለው አይሠራም። እዚያው ያቋቋመችው ድርጅት ካላትና ምልክቱ በእሷ ድርጅት ስም ከሆነ ብቻ ነው። እንዲያ ሲሆን ደግሞ የምልክቱ ባለቤት እሷ ነች። ቤተሰብም ቢሆን ውል ይጻፍ።

የማድሪድ ሥርዓት የሚባለው ሰፊው መንገድ ነው። ጄኔቫ የሚገኘው የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ያስተዳድረዋል፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1891 ስምምነትና የ1989 ፕሮቶኮል ነው፤ ከ130 የማያንሱ አገሮችን ይሸፍናል። ነጋዴው በአገሩ ባስመዘገበው ወይም ባመለከተበት ምልክት ላይ ተመሥርቶ አንድ ቅጽ ይሞላል፣ የሚፈልጋቸውን አገሮች ይመርጣል፣ አንድ ቦታ ይከፍላል፤ ከዚያ እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ መርምሮ ይቀበላል ወይም ይከለክላል። መነሻ ክፍያው ለጥቁርና ነጭ ምልክት 653 የስዊስ ፍራንክ ሲሆን በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ አመልካቾች 65 ብቻ ነው፤ የየአገሩ ክፍያ ለብቻው ይጨመርበታል። እድሳቱ በየ10 ዓመቱ ነው። ይህ በር የሚከፈተው የአመልካቹ አገር አባል ስትሆን ነው፤ ቡናችን አሜሪካና ጃፓን በር ላይ ሲቆም ኢትዮጵያ አባል ስላልነበረች በየአገሩ መንኳኳት ግድ ሆኗል። ጀርመን ወይም ዱባይ ሕጋዊ ድርጅት ያላቸው ወገኖቻችን ግን በዚያ አገር በኩል ሊገቡበት ይችላሉ፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ገብታለች። አንድ ነገር ልብ ይባል፤ የመነሻው ምልክት በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ከተሰረዘ በእሱ ላይ የተንጠለጠለው ዓለም አቀፍ ምዝገባ አብሮ ይወድቃል። የቤት መሠረት ካልጠነከረ ውጭው አይጸናም።

ለእኛ ሰው ዋናው ገበያ ባሕረ ሰላጤው ነው፤ እዚያ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ስድስቱ አገሮች የንግድ ምልክት ሕጋቸውን አንድ አድርገዋል። የተባበረው ሕጉ እንጂ መዝገቡ አይደለም። ሳዑዲ የተመዘገበ ኩዌት አይሠራም። ውክልናው ብዙ ጊዜ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ መረጋገጥ አለበት። የዓረብኛው አጻጻፍ ደግሞ ነጋዴው ራሱ ወስኖ ራሱ ማስመዝገብ ያለበት ነገር ነው። ሀጂን ያጠቃቸው ይኸው ነበር፤ ሌብላቸው ላይ የነበረው አማርኛና ላቲን ነው፣ ዓረብኛውን የጻፈው አከፋፋዩ ነው። አሁን ለውጭ የሚሄድ ማሸጊያ ስሠራ ስሙን በሦስቱም ፊደል ከነደፍኩ በኋላ ነው ወደ ቀለም የምገባው።

ስም ከዕቃ እንዴት እንደሚለይ ማየት የሚፈልግ ሰው ኮምቦልቻ ይውረድ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የወሎ ልጆች ለውጭ ገበያ ልብስ ሲሰፉ ኖረዋል። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ልብሱ ላይ የሚሰፋው ሌብል እንደ ገንዘብ ነው። ባለ ምልክቱ ኩባንያ ስንት ሌብል እንደላከ፣ ስንቱ ተሰፋ፣ ስንቱ ተበላሸ ይቆጠራል፤ የተረፈው ይወገዳል። አንድ ሌብል ከግቢ ከወጣ የውሸት ሸሚዝ እውነተኛ ይመስላልና። ጨርቁን የቆረጠች፣ እጅጌውን የገጠመች፣ ቁልፉን የተከለች ልጅ አለች፤ የአገሯም ስም በታች በኩል በትንሹ ተጽፏል። ከላይ ያለው ስም ግን ባሕር ማዶ ባለ መዝገብ ላይ ነው፤ ሸሚዙ መደብር ላይ የሚያወጣው ዋጋ አብዛኛው ወደዚያ ይሄዳል። ልጆቻችን መሥራታቸው ደግ ነው፤ ሥራው እንዲበዛ እመኛለሁ። ከእነሱ መካከል ነገ የራሷን ልብስ የምትቆርጥ ስትነሳ ግን ስሟን የምታስመዘግብበትን በር እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ገበያው በሌሎች ውሳኔ እንደሚዘጋ አይተናል፤ በጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ ስታስወጣን የራሱ ስምና የራሱ ገዥ የሌለው ስፌት ቶሎ ነው የቆመው።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ቆየ። ፋብሪካ ተዘረፈ፣ ሱቅ ተሰበረ፣ ወፍጮ ሳይቀር ተነቅሎ ሄደ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ባዶ መጋዘን ላይ ነው የጀመሩት። ያኔ አንድ ነገር አየሁ። ምልክቷን ያስመዘገበች የባልትና ነጋዴ ወረቀቷ ከመሳቢያዋ ጋር ጠፍቶ ነበር። አዲስ አበባ ያለው መዝገብ ግን ነበረ። ምስክር ወረቀቷን በምትክ አወጣች፣ በዱቤ በርበሬ ገዝታ በዚያው ስም ተመለሰች፤ የድሮ ገዥዎቿም በስሙ አገኟት። ሳታስመዘግብ የነበረች ሌላዋ ከተፈናቀለችበት ስትመለስ በስሟ ሌላ ሰው እያሸገ ጠበቃት። ሁለቱም ከእኔ ዘንድ ነበር የሚያሳትሙት፤ ሁለቱም ሽሯቸው የሚጣፍጥ ነበር።

ምዝገባ ከተገኘ በኋላም ሥራው አያልቅም። ይህን ክፍል ነጋዴዎቻችን ይንቁታል፤ እኔ ግን ከምዝገባው እኩል አየዋለሁ። የኢትዮጵያው በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። አብዛኛው የውጭ አገር በየ10 ዓመቱ ነው። አሜሪካ ከዚህ በተጨማሪ በ5ኛውና በ6ኛው ዓመት መካከል ምልክቱ አሁንም ገበያ ላይ መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ትጠይቃለች፤ ያ ካልቀረበ ምዝገባው ይሰረዛል። የአውሮፓው 5 ዓመት ሙሉ ሥራ ላይ ካልዋለ በጠያቂ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ደረሰኝ፣ የጭነት ሰነድ፣ መደርደሪያ ላይ የተነሳ ባለ ቀን ፎቶ ይቀመጥ። እኔ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ያተምኩትን ሌብል አንድ ቅጂ ቀኑን ጽፌበት በፋይል አስቀምጣለሁ፤ ለማስረጃ የሚፈለግበት ቀን ይመጣል።

በማን ስም ይመዝገብ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በላይ ጠብ ያመጣል። በአምራቹ ስም ይሁን፤ ለአከፋፋይ የሚሰጠው በጽሑፍ የተወሰነ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። ውሉ ላይ «ምልክቱን ወይም የሚመስለውን በየትኛውም አገር በራሴ ስም አላስመዘግብም» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ይህች መስመር ለሀጂ ብትኖር ኖሮ ብዙ ነገር ታድን ነበር። ስለ ራሴ ሙያም ልናገር። የሌብሉ ሥዕል ራሱ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚዳኝ የቅጂ መብት አለው። መብቱ የነዳፊው ይሁን የነጋዴው በጽሑፍ ካልተለየ ነገ ክርክር ሊያስነሳ ይችላል። በእኔ በኩል የንድፉን ሂሳብ ስቀበል የማስተላለፊያ ወረቀት ፈርሜ አብሬ እሰጣለሁ። ሌሎቹም የሙያ ጓደኞቼ እንዲያደርጉት እለምናለሁ።

አሁን የሚያሳስበኝ የወረዳ ስም አለ፤ አምባሰል። አምባሰል ከዜማው ሌላ በገደል ላይ ማሩ ይታወቃል። ደንበኞቼ እየመጡ «የአምባሰል ማር ብለህ አትምልኝ» ይሉኛል፤ አንዳንዱም «ለኔ ብቻ ይመዝገብልኝ» ይላል። የአሜሪካ ቡና ማኅበር ሐረርንና ሲዳሞን የተቃወመበት ክርክር እዚህ ላይ ራሳችን ዘንድ ይመጣል፤ የቦታ ስም ደካማ ምልክት ነው፣ መዝጋቢ በቀላሉ አይቀበለውም። ቢቀበለውም እንኳ አንድ ነጋዴ ይዞት የቀረውን የወረዳውን ንብ አናቢ ሁሉ በገዛ አገሩ ስም እንዳይሸጥ ሊከለክለው ነው። ይህን አልደግፍም። ግለሰብ ነጋዴ ለራሱ የተፈጠረ ስም ያውጣ፤ ከዚያ በታች ማሩ ከአምባሰል መሆኑን በእውነት ይጻፍ።

አምባሰል የሚለውን ስም መያዝ ያለበት የንብ አናቢዎቹ ማኅበር ነው። አዋጅ 501/1998 ማኅበራት በጋራ የሚይዙት የንግድ ምልክት ይፈቅዳል፤ ማመልከቻው ስሙ እንዴት ጥቅም ላይ እንደሚውል ከሚገልጽ ደንብ ጋር ይቀርባል። ደንቡን አስቀድሞ ቁጭ ብሎ መጻፍ ይቻላል። ማሩ ከየትኞቹ ቀበሌዎች ይምጣ? ስኳር የቀላቀለ አባል በስንተኛው ጥፋት ይባረር? ጣሳውን ማን አሽጎ ማን ይፈትሽ? ይህ አገር ውስጥ ከጸና በኋላ ማሩ ሊሸጥባቸው የታሰቡት ሁለት ወይም ሦስት አገሮች ብቻ ተመርጠው፣ ናሙና ጣሳ እንኳ ሳይላክ በፊት፣ በማኅበሩ ስም ማመልከቻ ይግባባቸው። ንድፉን በሦስቱ ፊደል ያለ ዋጋ እሠራለሁ። ደንቡ ውስጥ ግን አንድ አንቀጽ እንዲገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ማኅበሩ ቢከፋፈል፣ ቢከስርም ሆነ ሊቀመንበሩ ቢለወጥ ስሙ ለማንም ግለሰብ እንዳይሸጥና በዕዳ እንዳይያዝ።